እማማ ቦሰና ሲቀመጡ የሚጠፋው ቴፕ

ማርቲ ነገሩን ያነሳችው ሽንኩርት እየከተፈች፣ ፊቷን ሳታዞር ነው።

«ጋሮማ፣ የእማዬን መዝሙር ለምንድን ነው የምታጠፋባት?»

ጋሮማ ከሥራ ገብቶ በር ላይ ጫማውን እየፈታ ነበር። ጥያቄው ለእሱ መሆኑን እንኳ ለማወቅ ትንሽ ቆየ።

«የምን መዝሙር?»

«መኪናው ውስጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ ስትወስዳት።»

«እኔ አላጠፋሁም እኮ። ቴፑ ነው እምቢ የሚለው።»

ማርቲ ቢላዋውን አስቀምጣ ዞረች። ዓይኗ በሽንኩርቱ ቀልቷል፤ ስለዚህ የተናደደች ይሁን ያዘነች ጋሮማ መለየት አልቻለም።

«ዛሬ ጠዋት እኔና አንተ ስንሄድ ሲዘምር ነበር። ትናንትም እንደዚያው። ከእኔ ጋር አንድ ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም።»

«እኔንም ግራ የገባኝ እሱ ነው።»

«እሷ አልከሰሰችህም፤ ታውቃታለህ። ‹ልጁ ካልወደደው ፍላሹን አውጪለት፣ አታስጨንቂው› ነው ያለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?»

ጋሮማ አንዱን ጫማ አውልቆ ሌላውን እግሩ ላይ እንደተወው ሶፋው ላይ ተቀመጠና ያለፉትን ቅዳሜዎች አንድ በአንድ ያስብ ጀመር።

ኑሮው ቡራዩ፣ ሥራው ሰበታ ነው፤ አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ የማሸጊያው ክፍል ተቆጣጣሪ ነው። ዕድሜዋ የገፋ ኮሮላ አለችው። ወይዘሮ ቦሰና፣ የማርቲ እናት፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ከእነሱ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመት አልሞላቸውም። ታናሽ እህታቸው የሺወርቅ ሱሉልታ ናት፤ ወድቃ እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ማርቲ ቅዳሜም መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ እናቷን ወደ እህታቸው የማድረሱ ነገር ለጋሮማ ወደቀ።

መንገዱ ረጅም ነው። በአስኮ አድርጎ አዲሱ ገበያን አልፎ ዳገቱን ወጥቶ ሱሉልታ እስኪደርስ ድረስ አማቱና እሱ የሚነጋገሩት ነገር አልነበራቸውም። እሳቸው ቁጥብ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ሲቀመጥ ምላሱ ይታሰራል። «ዛሬ ደመና ነው» ይላል። «አዎ፣ ደመና ነው» ይላሉ። ከዚያ እስከ አዲሱ ገበያ ዝም። ይኼንን ዝምታ ለመሙላት ነበር ቴፑን የገዛው። ዓለም ገና መንገድ ዳር የሚሠራ አንድ ልጅ ገጠመለት፤ ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር ከፊት ለፊቱ የተሳፋሪ ወንበር ሥር ሻጠው፤ ሽቦውን ከባትሪው ጎትቶ በምንጣፉ ሥር አሳለፈው። ማርቲ የእናቷን መዝሙሮች በፍላሽ ጭና ሰጠችው። ሲሞክሩት መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ዘመረ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ማርቲን ሥራ ቦታዋ አድርሶ እየዘመረ ተመለሰ። በሩ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ እማማ ቦሰናን ሊጠራ ገባ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለእህታቸው ጠበል የሞሉበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው፣ ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው ወጡ። ገብተው ተቀመጡ፤ የሚያማቸውን ጉልበት ዘርግተው አመቻቹ። ጋሮማ ሞተሩን አስነሣ። የቴፑ መብራት በራ። የመዝሙሩ ደቂቃ መስኮቱ ላይ መቁጠር ጀመረ። ድምፅ ግን የለም።

ድምፁን ጨመረ። ምንም። እስከ መጨረሻው ጨመረ። ምንም። ፍላሹን ነቅሎ ሰካ። ቁጥሩ ይሮጣል፣ መኪናው ዝም ብሏል።

«እምቢ አለ እማማ» አለ።

«ይሁን» አሉ እማማ ቦሰና፤ ወደ መስኮቱ ዞረው።

አሁን ሶፋው ላይ ሆኖ ያንን «ይሁን» ሲያስታውሰው፣ የተቀመጠበት ሞቀው። እሳቸው ቤት ውስጥ ሆነው መዝሙሩ በር ድረስ ሲመጣ ሰምተዋል። እሳቸው ሲገቡ ጠፋ። መብራቱ ግን አልጠፋም። ለእሱ ብልሽት ነው፤ ለእሳቸው ግን አንድ ሰው ሆን ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተበላሸ የሚያስመስልበት ነገር ነው። ከዚህ በፊት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ገና እንደመጡ ሰሞን፣ ጋሮማ የሌሊት ፈረቃ አድሮ መጥቶ ሊተኛ ሲል «እማማ፣ ሬዲዮኑን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉልኝ» ብሏቸው ነበር። ዝቅ አላደረጉትም፤ አጠፉት። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ ሲከፍቱ አላየም። ለምን እንደሆነ ጠይቆም አያውቅም።

«እናትሽ እኔን እንዲህ ነው የሚያስቡኝ?» አለ ማርቲን።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ» አለች ማርቲ። «ቴፑን አሠራው።»

ሰበታ፣ ከፋብሪካው በር ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ወርቁ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራል። ጠና ያለ፣ ኮፈን ሳይከፈት ፍርድ የሚሰጥ ሰው ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ጋሮማ። ራኮን ማሊ?» አለ ወርቁ፤ እንዴት አደርክ፣ ምን ችግር ገጠመህ ማለቱ ነው።

ጋሮማ ነገረው። መብራቱ አለ፣ ድምፁ የለም፤ ያውም ቅዳሜ ብቻ።

«ቅዳሜ ብቻ የሚበላሽ መኪና የለም» አለ ወርቁ። የተሳፋሪውን ወንበር ወደፊት ገፍቶ ጎንበስ አለ፤ የኃይል መለኪያውን፣ የቴስተሩን፣ ሁለት ጫፎች አምፕሊፋየሩ ላይ አስነካ፤ የሚገባውን ቁጥር አነበበ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪው ጫፍ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር ለጋሮማ አሳየው። «ይኸው። ኃይል በደንብ አያልፍም። መብራቱ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል፣ ድምፅ ማጉያው አምፕ ግን ብዙ ይፈልጋል። ስለዚህ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁ ይሞታል።»

አሳማኝ ነበር። ጫፉ ተፋቀ፣ ተጠረገ፣ ጠበቅ ተደርጎ ታሰረ። ቴፑ እየዘፈነ ጋሮማ ቡራዩ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ ማርቲን ጠዋት ሲያደርሳት ሰማው፤ ብቻውን ወደ ሰበታ ሲወርድ ሰማው።

ቅዳሜ እማማ ቦሰና ገብተው ተቀመጡ። ጋሮማ ሞተሩን አስነሣ። መብራቱ በራ። ቁጥሩ ሮጠ። ድምፅ የለም።

«እማማ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ነበር» አለ ጋሮማ። ከአፉ ሲወጣ ሰበብ ሆነበት።

«ግድ የለም ልጄ። መንገድህን እይ።»

በሚቀጥለው ጊዜ ወርቁ አልተገረመም። የአምፑ ኔጌቲቭ ሽቦ ከመኪናው ቦዲ ጋር የታሰረበት ቦታ ቀለም ላይ ነው አለ። ወንበሩን ወደፊት ገፍቶ ጎንበስ ብሎ ቀለሙን በካቻቢቴ ጫፍ ፋቀ፤ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ሽቦውን መልሶ በቡሎን አጠበቀ። «ኃይል እንደሚገባ ሁሉ መውጫም ይፈልጋል» ብሎ እጁን ጠረገ። ድምፁ ከበፊቱም የጠራ መሰለ።

ቅዳሜ ግን እማማ ቦሰና ሲቀመጡ ቴፑ እንደገና እምቢ አለ፤ ጋሮማ እስከ አዲሱ ገበያ ታግሦ ነዳ። አዲሱ ገበያ ላይ መታገሥ አልቻለም፤ መንገድ ዳር አቆመና ኮፈኑን ከፈተ። ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ፊውዙን ነቅሎ አየው፤ አልተቃጠለም። ሽቦዎቹን ነካካ። እማማ ቦሰና በጎኑ መስኮት ብቅ ብለው፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩታል። ሚኒባሶች እየጮሁ ያልፋሉ፤ አንዱ ረዳት «ባሻዬ፣ ምን ገጠመህ?» ብሎ ሳይመለስለት ሄደ። ጋሮማ ኮፈኑን ዘጋ፤ ገብቶ ተቀመጠ፤ ለምን እንደቆመም አላስረዳም።

ማታ ሲመለሱ እማማ ቦሰና ወርደው ገቡ። ማርቲ ከበሩ ወጣች።

«እስቲ ግቢና ተቀመጪ» አላት።

«የት ልንሄድ?»

«የትም። ተቀመጪ ብቻ።»

ማርቲ ገባች፤ አጭር ስለሆነች እንደልማዷ ወንበሩን ወደ ራሷ ሳበች፤ በሩን ዘጋች። ጋሮማ ቁልፉን አዞረ። መዝሙሩ ግቢውን ሞላው። ጋሮማ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ቤት ውስጥ መጋረጃው ትንሽ ገለጥ ብሎ ተመለሰ።

«እማዬ ሰማችው» አለች ማርቲ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ወርቁ ጋ ሲሄድ ነገሩ የቴፕ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ሰላም ጉዳይ ሆኖበት ነበር። ሌሊት ሲነቃ የሚያስበው እሱን ነው። ወርቁ በዚህኛው ጊዜ አልፈረደም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አዳመጠው።

«ሴትየዋ ሲቀመጡ ብቻ?»

«እሳቸው ሲቀመጡ ብቻ።»

«ከበድ ይላሉ?»

ጋሮማ ዙሪያውን አየ፤ የሚሰማው ሰው ያለ ይመስል። «እንግዲህ ሰውነታቸው ደልደል ያለ ነው።»

«በቃ፣ ክብደት ነው» አለ ወርቁ። «አምፑ ያለው ወንበሩ ሥር ነው። ሲቀመጡ ስፕሪንጉ ወርዶ ሽቦውን ይጫነዋል። ሚስትህ ቀላል ናት፤ አይደርስበትም።»

ይኼኛው ከሁሉም ይበልጥ እውነት መሰለው። ግን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አማቱን ደግሞ «ክብደትዎን ልሞክር» ብሎ መጠየቅ አይታሰብም። ስለዚህ እሑድ፣ ማርቲን ገበያ ወስዶ ከመለሳት በኋላ፣ እማማ ቦሰና ገና ቤተ ክርስቲያን እንዳሉ፣ ጋሮማ ለዱቄት የተገዛውን የስንዴ ጆንያ ከጓዳ ጎትቶ አወጣና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠው። ወደ ጎን እንዳያጋድልበት ቀበቶ አሰረለት። ቁልፉን አዞረ።

መዝሙሩ ሲጀምር ማርቲ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ጋሮማ» አለች። «ከስንዴ ጋር የት ልትሄድ ነው?»

አስረዳት። መጀመሪያ በጣም ሳቀች፤ ከዚያ የሱን ፊት ስታይ ሳቋን ተወች። ጋሮማ ጆንያውን በሁለት እጁ እየተጫነው፣ ላዩ ላይ እየተደገፈ፣ ያለውን ክብደት ሁሉ እየጨመረበት ነበር። መዝሙሩ አልተቋረጠም።

ለወርቁ ደወለለት። «ታዲያ ክብደት አይደለም» አለ ወርቁ። «ሌላ የሚይዙት ነገር አለ? ብረት ነገር? ውሃ?»

«ጠበል ይይዛሉ። በጠርሙስ።»

«የት ያስቀምጡታል?»

«እግራቸው ሥር።»

በማግስቱ ምንጣፉን ገለጡት። ደርቋል። ወርቁ እጁን በምንጣፉ ሥር ሰዶ ዳበሰ፤ አሸተተ፤ ቴስተሩን አስነካ፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። ወንበሩን ገፋ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ። ጋሮማ ወርቁን እንዲህ ግራ ተጋብቶ አይቶት አያውቅም።

«አላውቅም» አለ ወርቁ። «እኔ ፊት አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አላየሁትም። ያልታመመ በሽተኛ እንዴት አድርጌ ልመርምር? ሴትየዋን አምጣቸው።»

«እንዴት ብዬ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ማርቲ መሃል ለመግባት አልፈለገችም። «እኔ ከነገርኳት ሁለታችን ተመካክረን ያታለልናት ይመስላታል። አንተው ንገራት» አለች። ጋሮማ ቃሉን ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘጋጅ ከረመ። ቅዳሜ ጠዋት እማማ ቦሰና ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት።

«እማማ፣ ዛሬ ሱሉልታ ከመሄዳችን በፊት ሰበታ አብረውኝ ቢሄዱ… ቴፑን የሚያየው ሰው እርስዎ እንዲኖሩ ይፈልጋል።»

«እኔ? እኔ ስለ ቴፕ ምን አውቃለሁ?»

«እርስዎ ሲኖሩ ነው እምቢ የሚለው።»

እማማ ቦሰና ቆሙ። ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ ምን አድርጌው?» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ የተከፋ ሰው ድምፅ ነው። ጋሮማ መሬቱን አየ። እሳቸው ግን ብዙ አላቆዩትም፤ «እሺ፣ እንሂድ» ብለው ገቡ።

እስከ ሰበታ ድረስ ቴፑ እየቆጠረ ዝም አለ። ጋሮማ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጎልቶ እንዲታይ አድርጎ ያዘ፤ ማርሽ ለመለወጥ ካልሆነ አላነሣም። እንዲህ ማድረጉ ደግሞ ይበልጥ ጥፋተኛ እንደሚያስመስለው መንገዱ ሊያልቅ ሲል ገባው።

ወርቁ እማማ ቦሰና ሲወርዱ አይቶ ከጋሮማ ጋር በኦሮምኛ ተነጋገረ። «ጃርቲን ኢሺዳ?»

«ኤዬ» አለ ጋሮማ፤ አዎ ማለቱ ነው።

እማማ ቦሰና ፊታቸው ተለወጠ። «ጃርት አለኝ?» አሉ ወደ ጋሮማ ጠጋ ብለው።

«አይ፣ አይ እማማ። ጃርቲ ማለት ትልቅ ሴት ማለት ነው። ‹እናትየዋ እሳቸው ናቸው ወይ› ነው ያለኝ።»

«በአማርኛ ቢለው ምን ነበረበት» አሉ፤ ማመናቸው አልታወቀም።

ወርቁ ይቅርታ ጠየቀ፤ እናቴ እያለ በርጩማ አቀረበላቸው። ከዚያ እንደወትሮው ወንበሩን ወደፊት ገፍቶ ጎንበስ አለ፤ ሁሉን አየ፤ ቴፑን ከፈተ። መዝሙሩ በቆርቆሮው ጥላ ሥር አስተጋባ። «አሁን ይግቡና ይቀመጡልኝ፣ እናቴ። እንዳለ ነው፤ ምንም ሳይነኩ።»

እማማ ቦሰና ገቡ። ወንበሩ ወደፊት ስለተገፋ ጉልበታቸው ከፊት ለፊቱ ፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ወርቁ በሩን ዘጋላቸው።

መዝሙሩ አልጠፋም። ያለ አንዳች እንከን ቀጠለ።

ሦስቱም እያዳመጡ ቆዩ። ወርቁ ቴስተሩን አየ፣ ጋሮማ ወርቁን አየ። እማማ ቦሰና ደግሞ በመስኮቱ ጋሮማን አዩት፤ ቀና ብለው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«ሰው ሲያይ ይዘምራል» አሉ።

ጋሮማ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ምን ይላል? የሚለው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ ውሸት ነው። የስንዴ ጆንያ፣ የተፋቀ ቀለም፣ የባትሪ ጫፍ፣ ማን ያምነዋል? ለአፍታ ራሱንም ተጠራጠረ። ምናልባት ሳላውቀው እጄ የሆነ ቦታ ይነካው ይሆን? ብሎ አሰበ፤ መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቱ የት እንደሚያርፍ ለማስታወስ ሞከረ።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ላምጣ» አለ ወርቁና ወደ ውስጥ ገባ። የሚያመጣው ነገር ያለው አይመስልም፤ ከእሳቸው ዓይን ለመሸሽ ነው።

ጋሮማ የእማማ ቦሰናን ምርኩዝ በሁለት እጁ ይዞ በራቸው አጠገብ ቀረ። መዝሙሩ ይዘምራል። እሳቸው ጉልበታቸውን ዳበሱ፤ ፊታቸው ተኮማተረ። ለትንሽ ጊዜ ታገሡ። ከዚያ አልቻሉም፤ እጃቸውን ወንበሩ ሥር ልከው የወንበሩን ማንቀሳቀሻ ብረት ሳቡና እግራቸውን አጠንክረው ወንበሩን ወደኋላ ገፉት፤ እስከ መጨረሻው። እግራቸው ተዘረጋ። እፎይ አሉ።

መዝሙሩ ቀጥ አለ።

እማማ ቦሰና ወደ ቴፑ ዞሩ። መብራቱ በርቷል፤ ቁጥሩ ይሮጣል። ወደ ጋሮማ ዞሩ። ጋሮማ ውጭ ቆሟል፤ ሁለት እጁ ምርኩዙ ላይ ነው። ከቴፑ የሚያገናኘው ነገር የለም።

«አንተ አልነካኸውም» አሉ።

«አልነካሁም እማማ።»

«አየሁ። አልነካኸውም።»

ቀስ ብለው ወንበሩን እንደገና ወደፊት ሳቡት። መዝሙሩ ካቆመበት አልፎ ብቅ አለ። ወደኋላ ገፉት፤ ጠፋ። ወደፊት፤ መጣ። ወርቁ ከውስጥ የድምፁን መምጣትና መሄድ ሰምቶ ባዶ እጁን ወጣ።

«እንደዚያው ይቆዩልኝ እናቴ፣ ወደኋላ እንደሆኑ» አለና መሬት ላይ ተጋደመ። በስልኩ መብራት ከወንበሩ ሥር ከኋላ በኩል አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ወንበሩ ወደኋላ ሆኖ የሚያየው። ከባትሪው የመጣው ሽቦ አልደርስ ብሎ ልጁ ሌላ ሽቦ ቀጥሎበታል፤ ቅጥሉን ጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር ብቻ ጠቅልሎታል። ወንበሩ ወደኋላ ሲሄድ ብረቱ ሽቦውን ይዞት ይሄዳል፤ ቅጥሉ በፕላስተሩ ውስጥ ይላቀቃል። ወንበሩ ሲመለስ እንደገና ይነካካል።

«እኔ ሁልጊዜ ለማየት ብዬ ወንበሩን ወደፊት እገፋዋለሁ» አለ ወርቁ ከመሬት ሳይነሣ። «ገፍቼ እሠራዋለሁ ማለት ነው። ከዚያ ቴስተር አስነካለሁ።» የስልኩን መብራት አጠፋ። «ጋሮማ፣ አትሳቅብኝ።»

ጋሮማ አልሳቀም። የሚሰማውን አያውቀውም ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ወርቁ ቅጥሉን ቆርጦ ጣለ። ከባትሪው ጀምሮ አንድ ወጥ፣ ወፈር ያለ ሽቦ አወጣ፤ ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አደረገ፤ ሽቦውን በበሩ ጠርዝ በኩል አሳልፎ ወንበሩ በማይደርስበት አሰረው፤ ለአምፑም የሚላወስበት ትርፍ ተወለት። እማማ ቦሰና እስኪያልቅ ድረስ ሌላ በርጩማ ላይ ከጋሮማ ጎን ተቀመጡ። የጭነት መኪናዎች አቧራ እያስነሡ ያልፋሉ። ለረጅም ጊዜ ያልተናገሩትን ሁሉ አሁን መናገር የነበረባቸው ይመስል ሁለቱም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እማማ» አለ ጋሮማ። «አጠፋብኝ ብለው ሲያስቡ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ምን ብዬ?»

«‹ለምን ታጠፋዋለህ› ብለው።»

«‹ደስ ስለማይለኝ ነው› ብትለኝስ? ከዚያ ወዲያ እንዴት አንድ ቤት እንኖራለን?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አለመጠየቅ ይሻላል ብዬ ነው። ሬዲዮኑንም እንደዚያው።»

«ሬዲዮኑን ዝቅ ያድርጉልኝ ነበር ያልኩት። ያን ቀን ብቻ።»

«ያን ቀን ብቻ ነው?»

«ሌሊት ሠርቼ መጥቼ ነበር እኮ።»

እማማ ቦሰና ወደ መንገዱ ዞሩ። «እኔ ለሁልጊዜ ነው የመሰለኝ» አሉ።

ጋሮማ ይኼን ሲሰማ ሌላ ግራ መጋባት ውስጥ ገባ። አንድ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖሩ፣ እሳቸው በጠዋት ሬዲዮ ሳይሰሙ ወራት አልፈዋል፤ እሱ ደግሞ «ሬዲዮ መስማት ትተዋል» ብሎ አልፎታል። ሽቦውን ፍለጋ ስንት ጊዜ ወርቁ ጋ ተመላልሷል። ሳሎን ድረስ ሄዶ «ምነው ሬዲዮ አይከፍቱም?» ለማለት ግን አንድ ጊዜም አላሰበም። ይኼን ሊነግራቸው ፈለገ፤ ቃሉ አልተቀናጀለትም።

«ነገ ይክፈቱት» ብቻ አለ።

«ተኝተህ ከሆነስ?»

«ይቀስቅሱኝ።»

ፈገግ አሉ፤ ወይም ፀሐዩ ነው ፊታቸውን ያኮማተረው፤ ጋሮማ እርግጠኛ አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ እማማ ቦሰና ገብተው ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ገፉ፤ እግራቸውን ዘረጉ። መዝሙሩ ንቅንቅ አላለም። ወርቁ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው። በቡራዩ በኩል ተመልሰው፣ በአስኮ አድርገው፣ ዳገቱን ወጥተው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲወርዱ መዝሙሩ እየዘመረ ነበር። እማማ ቦሰና አብረው አልዘመሩም፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ይኼኛው ረጅም ነው» አሉ። ጋሮማ «አዎ፣ ረጅም ነው» አለ። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ግን እንደ በፊቱ ዝምታው አላነቀውም።

የሺወርቅ አጥር ጥግ ፀሐይ ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። እህቷ ሳይቀመጡ ነገሩን ማውራት ጀመሩ። ስለ ሽቦው ተናገሩ፤ ስለ ጥቁሩ ፕላስተር ተናገሩ፤ ጃርት ያሏቸው ሰውዬ መጨረሻ ላይ እንዴት መሬት ላይ እንደተጋደመ ተናገሩ። ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ ያደረጉትን በእጃቸው አሳዩ፤ ብልሽቱን እሳቸው ሆን ብለው ፈልገው ያገኙት ይመስል ነበር አነጋገራቸው።

«እኔ መቼም ከመጀመሪያውም ሽቦ ነው ብያለሁ» አሉ እማማ ቦሰና።

ጋሮማ ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው አላዩትም፤ ለእህታቸው ጠበል እየቀዱ ነበር።

የሺወርቅ ከእህቷ ወደ ጋሮማ፣ ከጋሮማ ወደ እህቷ አየች። «ለእኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትነግሪኝ ሌላ ነበር» አለች።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ ጠጪ።»

የሺወርቅ ጠጣች። ስትጨርስ ከአጠገቧ ያለውን የዳቦ ሳህን ወደ ጋሮማ ገፋችለት፤ ከእህቷ ጀርባ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ጋሮማ ይቅር እያለችው ይሁን እየሳቀችበት አልገባውም። ዳቦ አነሣና በላ።